የፕሮግራም ትንተና

የፕሮግራም ትንተና አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠራ ምን ሊያደርግ እንደሚችልና ምን ፈጽሞ እንደማያደርግ በሌላ ፕሮግራም አማካይነት የሚመረምር የኮምፒውተር ሳይንስ ዘርፍ ነው። መርማሪው ፕሮግራም ተንታኝ ይባላል። ተንታኙ ፕሮግራሙን ሳያስኬድ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ የሚመረምር ከሆነ ትንተናው ስታቲክ፣ እያስኬደ የሚመረምር ከሆነ ደግሞ ዳይናሚክ ይባላል። ይህ መጣጥፍ በዋናነት ስለ ስታቲክ ትንተና ነው።

የፕሮግራም ትንተና ከፕሮግራም ቋንቋ ሥነ ፍቺ ጋር የተሳሰረ ነው። ሥነ ፍቺ በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ትርጉሙ ምን እንደሆነ በሒሳብ የሚደነግግ ጥናት ነው። የፕሮግራሙ ትርጉም በትክክል ካልተወሰነ ስለ ፕሮግራሙ የሚሰጥ ማረጋገጫ ሁሉ መሠረት የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ትምህርቶች በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ደረጃ ጎን ለጎን ይሰጣሉ።

ለሁሉም ፕሮግራም ሁልጊዜ ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ተንታኝ ሊሠራ እንደማይችል በሒሳብ ተረጋግጧል። በመሆኑም የተንታኝ ሠሪ ዋና ውሳኔ ተንታኙ መሳሳቱ ካልቀረ በየትኛው በኩል ይሳሳት የሚለው ነው።

አስፈላጊነቱ

ፕሮግራምን በመሞከር ስህተት ማግኘት ይቻላል፤ ስህተት አለመኖሩን ማረጋገጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ሁለት ባለ 32 ቢት ቁጥሮችን የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም እንኳ ከ18 ኩንቲሊዮን በላይ፣ ማለትም 2 በ64 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል፣ የተለያየ ግቤት ሊገጥመው ይችላል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር አይቻልም።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የአሪያን 5 ሮኬት አደጋ ነው። ሮኬቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 በፈረንሳይ ጊያና ከምትገኘው ከኩሩ የማስወንጨፊያ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰ። በረራው ከተጀመረ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ በ3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ተሰባበረ። ክላስተር የተባሉ አራት የምርምር ሳተላይቶችም አብረው ጠፉ።

መርማሪው ቡድን እንዳረጋገጠው መነሻው አንድ የቁጥር ልወጣ ነበር። የአቅጣጫ መለኪያው ሶፍትዌር ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘን ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ይለውጥ ነበር። ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ከ32,767 በላይ መያዝ አይችልም። ሶፍትዌሩ የተወሰደው ከቀድሞው ከአሪያን 4 ሲሆን የአሪያን 5 አግድም ፍጥነት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ቁጥሩ አልገባ ሲል መለኪያው ሥራውን አቆመ። ተጠባባቂው መለኪያም ያንኑ ሶፍትዌር ስለተሸከመ በዚያው ምክንያት ቀድሞ ቆሞ ነበር።

መሐንዲሶቹ አደጋውን ጨርሶ ሳያስቡት ቀርተው አልነበረም። እንዲህ ያለ ችግር ሊገጥማቸው ይችላል ተብለው ከተለዩት ሰባት ተለዋዋጮች ለአራቱ መከላከያ ተጽፎላቸዋል። ሦስቱ የተተዉት እሴታቸው በተፈጥሮው የተገደበ ነው ወይም ገና ብዙ ይቀረዋል በሚል ግምት ነው። ትንተናው ነበረ፤ ነገር ግን በሰው ግምት ላይ የቆመና ሮኬቱ ሲለወጥ ያልታደሰ ነበር። የፕሮግራም ትንተና እንዲህ ያለውን ግምት በሚረጋገጥ ስሌት ለመተካት ይሞክራል።

ሥነ ፍቺ

በማንኛውም ቋንቋ አገባብና ፍቺ የተለያዩ ናቸው። በአማርኛ «አለ» የሚለው ጽሑፍ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» ም እንደ አነባበቡ በዓል ወይም «አሁንም አልሆነም» የሚል ፍቺ አለው። ሰው ከአውዱ ተነሥቶ ይለየዋል፤ ኮምፒውተር ግን ይህን ማድረግ ስለማይችል ለእያንዳንዱ አገባብ አንድ ቁርጥ ያለ ፍቺ ያስፈልገዋል።

በፕሮግራም ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ጽሑፍ የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ሀ ሙሉ ቁጥር ቢሆን «ሀ + 1 > ሀ» የሚለው ንጽጽር ሁልጊዜ እውነት ነው ወይ? በፓይተን ሙሉ ቁጥር እንደ አስፈላጊነቱ ስለሚያድግ ሁልጊዜ እውነት ነው። በጃቫ ሀ ባለ 32 ቢት ሆኖ 2,147,483,647 ከደረሰ አንድ ሲጨመርበት ወደ ትንሹ አሉታዊ ቁጥር ስለሚዞር ሐሰት ይሆናል። በሲ ቋንቋ ደግሞ ባለ ምልክት ቁጥር ከመጠኑ ካለፈ ምን እንደሚሆን ደንቡ አይወስንም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ «ይህ አይደርስም» ብሎ ንጽጽሩን ሁልጊዜ እውነት አድርጎ ሊወስደው ይፈቀድለታል። ሦስቱን ቋንቋዎች በአንድ ፍቺ የሚያነብ ተንታኝ ቢያንስ በሁለቱ ይሳሳታል።

ሥነ ፍቺ የሚጻፍባቸው ሦስት ዋና ዋና መንገዶች አሉ። እነርሱን ለማነጻጸር 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሲቀበል የሚቆጥር ይህን ትንሽ ፕሮግራም መውሰድ ይቻላል፦

ሰው := 0
ባዶ := 12
ባዶ > 0 እስከሆነ ድረስ ድገም
    ሰው := ሰው + 1
    ባዶ := ባዶ - 1

1. ኦፕሬሽናል ሥነ ፍቺ ፕሮግራሙ በየእርምጃው የሚያልፍባቸውን ሁኔታዎች ይገልጻል። ለምሳሌ ሰው 3 ባዶ 9 ከሆነበት ሁኔታ ሉፑ አንድ ዙር ሲሠራ ሰው 4 ባዶ 8 ወደሆነበት ይሻገራል።

2. ዲኖቴሽናል ሥነ ፍቺ ለፕሮግራሙ አንድ የሒሳብ ፈንክሽን ይሰጠዋል፤ ፈንክሽኑ መነሻውን ሁኔታ ተቀብሎ መድረሻውን ይመልሳል። የሉፕ ትርጉም የሚገኘው ቋሚ ነጥብ በተባለ ስሌት ነው። ቋሚ ነጥብ ማለት አንድ ዙር ቢጨመርበት የማይለወጥ ውጤት ነው።

3. አክሲዮማቲክ ሥነ ፍቺ ፕሮግራሙን የሚገልጸው ከሥራው በፊትና በኋላ እውነት በሚሆኑ ዐረፍተ ነገሮች ነው። በሚኒባሱ ፕሮግራም ሉፑ በተደገመ ቁጥር «ሰው + ባዶ = 12» እውነት ሆኖ ይቆያል። እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር ኢንቫሪያንት ይባላል። ሉፑ ሲያበቃ ባዶ 0 ስለሚሆን ሰው 12 መሆኑ ከዚህ ይከተላል።

የማይቻለው ነገር

አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ባቀረበው ጥናት የማሽንን ስሌት በሒሳብ ገለጸ፤ የማሽኑን የወደፊት ባሕርይ አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስችል አጠቃላይ ዘዴ የሌለባቸው ጥያቄዎች እንዳሉም አረጋገጠ። ይህ ውጤት ዛሬ የማቆም ችግር በሚባለው መልኩ ይታወቃል፦ ማንኛውም ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ይቆም ወይም ለዘላለም ይሠራ እንደሆነ ሁልጊዜ በትክክል የሚመልስ ፕሮግራም የለም። ሄንሪ ራይስ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ቴረም ውጤቱን አሰፋው። በራይስ ቴረም መሠረት ስለ ፕሮግራሞች ባሕርይ የሚነሣ ጥያቄ፣ መልሱ ለሁሉም ፕሮግራም አንድ ዓይነት ካልሆነ በስተቀር፣ በአጠቃላይ ዘዴ ሊመለስ አይችልም።

ምክንያቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ፕሮግራም በዜሮ ያካፍል እንደሆነ ሁልጊዜ በትክክል የሚመልስ ተንታኝ አለ እንበል። ማካፈል የሌለበት ማንኛውም ፕሮግራም ተወስዶ በመጨረሻው መስመር ላይ «1 ለ0 አካፍል» የሚል ትእዛዝ ይጨመርበት። አዲሱ ፕሮግራም በዜሮ የሚያካፍለው የመጀመሪያው ፕሮግራም ከቆመ ብቻ ነው። ስለዚህ ተንታኙ የማቆም ችግርን ፈታ ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ አይቻልም። እንዲህ ያለ ተንታኝ የለም።

ይህ ማለት ግን ትንተና ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ተንታኙ «አዎ» እና «አይደለም» ከሚሉት መልሶች ሌላ «ማረጋገጥ አልቻልኩም» እንዲል ከተፈቀደለት የሚጠቅም ሥራ ይሠራል።

ረቂቅ ትርጓሜ

ረቂቅ ትርጓሜ ወይም አብስትራክት ኢንተርፕሪቴሽን በፓትሪክ ኩዞ እና በቱኒዚያ በተወለደችው በራዲያ ኩዞ እ.ኤ.አ. በ1977 የቀረበ ንድፈ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ፕሮግራሙን በትክክለኛ እሴቶች ፋንታ እነርሱን በጅምላ በሚወክሉ ረቂቅ እሴቶች ማስላት ነው። በጣም የታወቀው ረቂቅ እሴት ክልል ነው፤ ተለዋዋጩ ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል ብቻ ይይዛል።

ከላይ ያለውን የሚኒባስ ፕሮግራም በክልል የሚተነትን ተንታኝ የሚከተለውን ይሠራል። ሉፑ ሲጀመር ሰው ከ0 እስከ 0፣ ባዶ ከ12 እስከ 12 ነው። ከአንድ ዙር በኋላ ሰው ከ0 እስከ 1፣ ባዶ ከ11 እስከ 12 ይሆናል። ከሁለት ዙር በኋላ ሰው ከ0 እስከ 2፣ ባዶ ከ10 እስከ 12 ይሆናል። ሉፑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በአጠቃላይ ስለማይታወቅ ተንታኙ ዋይድኒንግ የተባለ ዘዴ ይጠቀማል። በዚህ ዘዴ እያደገ የሚሄድ ወሰን በአንድ ጊዜ ወደ ማለቂያ የሌለው ይዘላል፤ ከዚያም የሉፑ ቅድመ ሁኔታ በሚፈቅደው መጠን ተመልሶ ይጠባል። ስለዚህ ትንተናው ፕሮግራሙ ባይቆም እንኳ ይቆማል።

ውጤቱ ባዶ ከ0 እስከ 12 መሆኑን በትክክል ያሳያል። ሰው ግን «ከ0 ጀምሮ ማለቂያ የሌለው» ይሆናል። የሉፑ ቅድመ ሁኔታ የሚናገረው ስለ ባዶ ብቻ ስለሆነና ክልል በሁለቱ ተለዋዋጮች መካከል ያለውን ዝምድና ስለማይዝ ሰውን የሚገድበው ነገር የለም። ሰው የ12 ቦታ ድርድር ውስጥ ቦታ ለመጠቆም ቢያገለግል ተንታኙ «ከድርድሩ ሊወጣ ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው የሐሰት ነው፤ ሰው ከ12 በልጦ አያውቅም።

መፍትሔው ዝምድናን የሚይዝ ረቂቅ እሴት መምረጥ ነው። አንትዋን ሚኔ ያዘጋጀው ኦክታጎን የተባለው ዘዴ የሁለት ተለዋዋጮችን ድምርና ልዩነት ወሰን ይይዛል። በዚህ ዘዴ «ሰው + ባዶ = 12» የሚለው ኢንቫሪያንት በራሱ ይገኛል፤ ባዶ ከ0 ስለማያንስም ሰው ከ12 እንደማይበልጥ ይረጋገጣል። ከዚህ የሚሰፋው ፖሊሄድራ የተባለው ዘዴ በፓትሪክ ኩዞ እና በኒኮላ አልብዋክስ እ.ኤ.አ. በ1978 የቀረበ ሲሆን የብዙ ተለዋዋጮችን ዝምድና ይይዛል። ነገር ግን ዘዴው በረቀቀ መጠን የሚፈጀው ጊዜና ሜሞሪ ይጨምራል። ለአንድ ፕሮግራም የሚበቃውን ያህል ብቻ ረቂቅ የሆነ ዘዴ መምረጥ የዘርፉ ዋና ጥበብ ነው።

ሁለቱ የስህተት ዓይነቶች

ተንታኝ በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። አንደኛው የሌለ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ይህ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይባላል። ሁለተኛው ያለ ስህተትን ማለፍ ነው። ያለ ስህተትን ፈጽሞ የማያልፍ ተንታኝ ሳውንድ ይባላል። የትኛው ስህተት ይሻላል የሚለው ተንታኙ በሚያገለግልበት ቦታ ይወሰናል።

በፓሪስ ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር የተሠራው አስትሬ የተባለ ተንታኝ ሳውንድ ነው። ተንታኙ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 የኤርባስ ኤ340 አውሮፕላን ዋና የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንደ ቁጥር ከመጠን ማለፍና በዜሮ ማካፈል ካሉ በሥራ ላይ ከሚከሰቱ ስህተቶች ነጻ መሆኑን ያለ ሰው እርዳታ አረጋገጠ። ፕሮግራሙ በሲ የተጻፈ 132,000 መስመር ሲሆን ትንተናው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀ። ይህ የተቻለው አስትሬ ለአንድ ዓይነት ፕሮግራም ተብሎ ስለተዘጋጀ ነው፤ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በሥራ ላይ እያሉ አዲስ ሜሞሪ አይጠይቁም፣ ራሱን መልሶ የሚጠራ ፈንክሽንም የላቸውም።

በየቀኑ በሚለዋወጥ ትልቅ ሶፍትዌር ላይ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ፕሮግራመሮች የሐሰት ማስጠንቀቂያ ከበዛባቸው እውነተኛውንም አብረው ችላ ይላሉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ኢንፈር የተባለ ተንታኝ የሚመረምረው በዋናነት አዲስ የተለወጠውን ክፍል ሲሆን ማስጠንቀቂያውን ፕሮግራመሩ ለውጡን ለግምገማ ባቀረበበት ጊዜ ይሰጣል። የኢንፈር መሠረት ጆን ሬይኖልድስ፣ ፒተር ኦሄርን እና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ሴፓሬሽን ሎጂክ ነው። ኦሄርን እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኢንኮሬክትነስ ሎጂክ የተባለ ሥርዓት አቀረበ። ይህ ሥርዓት የስህተትን አለመኖር ሳይሆን የተጠቆመው ስህተት በእርግጥ መኖሩን ለማረጋገጥ ያገለግላል።

ታሪክ

ፕሮግራምን በሒሳብ የማረጋገጥ ሐሳብ ከኮምፒውተር እኩል ዕድሜ አለው። ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1949 በካምብሪጅ ባቀረበው አጭር ጽሑፍ አንድ ፕሮግራም ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ በየመሐሉ ሊጣሩ የሚችሉ ዐረፍተ ነገሮችን ማስቀመጥ እንደሚጠቅም አሳየ። ሮበርት ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ቶኒ ሆር ደግሞ በ1969 ይህን ሐሳብ ሥርዓት ሰጡት። ዳና ስኮት እና ክሪስቶፈር ስትሬቺ በ1970 አካባቢ በኦክስፎርድ የዲኖቴሽናል ሥነ ፍቺን መሠረት ጣሉ። ጎርደን ፕሎትኪን እ.ኤ.አ. በ1981 በዴንማርክ ኦርሁስ ያስተማረበት ጽሑፍ የኦፕሬሽናል ሥነ ፍቺ ዋና ማጣቀሻ ሆነ።

ትንተናው በበኩሉ የመጣው ከኮምፓይለር ሥራ ነው። የአይቢኤም ተመራማሪዋ ፍራንሲስ አለን ኮምፓይለሮች ፕሮግራምን ለማፍጠን የሚጠቀሙበትን የፍሰት ትንተና ካዳበሩት አንዷ ነች። እ.ኤ.አ. የ2006ን የቱሪንግ ሽልማት በማግኘትም የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጌሪ ኪልዳል በ1973 ለፍሰት ትንተና አንድ ወጥ የሒሳብ መልክ ሰጠ። ከዚህ በኋላ የመጣው ረቂቅ ትርጓሜ ሁለቱን መንገዶች አገናኘ፤ ትንተና የሥነ ፍቺ ግምታዊ ስሌት መሆኑን በማሳየቱ የተንታኝን ትክክለኛነት ራሱን በማረጋገጫ መፈተን ተቻለ።

በድኅረ ምረቃ ደረጃ

በድኅረ ምረቃ የሚሰጡ ትምህርቶች አብዛኛውን ጊዜ በላምዳ ካልኩለስ፣ በኦፕሬሽናል ሥነ ፍቺና በታይፕ ሥርዓቶች ይጀምራሉ። ቀጥሎ የሆር ሎጂክ፣ የላቲስና የቋሚ ነጥብ ንድፈ ሐሳብ፣ የፍሰት ትንተና፣ ረቂቅ ትርጓሜ እና ሞዴል ቼኪንግ ይመጣሉ። ለመግባት የሚጠቅመው ቅድመ ዝግጅት ዲስክሪት ሒሳብ፣ ሎጂክና የኮምፓይለር ትምህርት ነው።

ብዙ ተማሪዎች ወደ ዘርፉ የሚመጡት ፕሮግራም መጻፍ ለምደው ነው፤ ማረጋገጫ መጻፍ ግን አዲስ ይሆንባቸዋል። በተለይ በፕሮግራሙ መዋቅር ላይ የሚሠራ ኢንዳክሽን የማይታለፍ መሣሪያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጥን የተለመደ ሥራ ከላይ እንደታየው ዓይነት ትንሽ ቋንቋ መንደፍ፣ ኦፕሬሽናል ፍቺውን መጻፍ፣ ለቋንቋው በክልል የሚሠራ ተንታኝ መገንባትና ተንታኙ ሳውንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የመጨረሻው እርምጃ ትንተናና ሥነ ፍቺ ለምን አብረው እንደሚጠኑ በተግባር ያሳያል፤ ፍቺው ሳይጻፍ ማረጋገጫው ሊጀመር አይችልም። እንዲህ ላለው ሥራ ኦካምል እና ሃስኬል፣ ለማረጋገጫ ደግሞ ሮክ፣ ሊን እና ኢዛቤል የተባሉ ሶፍትዌሮች ይዘወተራሉ። ሮክ እስከ ቅርብ ጊዜ ኮክ በሚል ስም ይታወቅ ነበር።

ከመማሪያ መጻሕፍት መካከል በፍሌሚንግ ኒልሰን፣ በሀነ ሪስ ኒልሰን እና በክሪስ ሀንኪን የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. የ1999 የፕሮግራም ትንተና መጽሐፍ፣ የግሊን ዊንስኬል እ.ኤ.አ. የ1993 የሥነ ፍቺ መጽሐፍ እና የቤንጃሚን ፒርስ እ.ኤ.አ. የ2002 የታይፕ መጽሐፍ ይገኙበታል። አንደርስ ሞለር እና ሚካኤል ሽዋርትዝባክ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት የስታቲክ ትንተና ማስተማሪያና በፒርስና ባልደረቦቹ የተዘጋጀው ሶፍትዌር ፋውንዴሽንስ የተባለ ተከታታይ መጽሐፍ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ስለዚህ ትምህርቱ በአቅራቢያው የማይሰጥለት ተማሪም በራሱ ሊጀምር ይችላል።

በዘርፉ የታወቁ ጉባኤዎች ፖፕል፣ ፒኤልዲአይ እና ሳስ ናቸው፤ ከእነዚህ ፖፕል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በአሜሪካ በክረምት የሚካሄደው የኦሬገን የፕሮግራም ቋንቋዎች ትምህርት ቤት በተለይ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። የአመልካቾች ሁኔታ እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ተማሪ በቀጥታ ለሦስተኛ ዲግሪ ይቀበላሉ፤ የትምህርት ክፍያውና የኑሮ ድጎማው አብዛኛውን ጊዜ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ይሸፈናል። በአብዛኛው አውሮፓ ግን ሁለተኛ ዲግሪ ይቀድማል፤ እንደ ጀርመንና ዴንማርክ ባሉ አገሮች የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ ደመወዝ ተከፋይ ነው።

ከቋንቋና ከኮምፓይለር ጋር ያለው ግንኙነት

ተንታኙ የሚያነበው ፕሮግራመሩ የጻፈውን ጽሑፍ ቢሆንም ማሽኑ የሚሠራው ኮምፓይለሩ ያወጣውን ነው። ኮምፓይለሩ ከተሳሳተ በጽሑፉ ላይ የተገኘው ማረጋገጫ ዋጋ ያጣል። ግዛቪየ ለርዋ እና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ኢንሪያ የሠሩት ኮምፕሰርት የተባለ የሲ ኮምፓይለር ይህን ክፍተት ለመዝጋት የተሠራ ነው። የኮምፕሰርት ዋና ክፍል የፕሮግራሙን ፍቺ እንደማይለውጥ በማረጋገጫ ሶፍትዌር ተረጋግጧል። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በዘፈቀደ በተፈጠሩ ፕሮግራሞች የተለያዩ የሲ ኮምፓይለሮችን ፈትነው ከ325 በላይ ያልታወቁ ስህተቶችን አገኙ። በኮምፕሰርት በተረጋገጠው መካከለኛ ክፍል ግን የተሳሳተ ውጤት የሚያወጣ ስህተት አላገኙም፤ ያገኟቸው ስህተቶች ማረጋገጫው ባልደረሰባቸው ክፍሎች ውስጥ ነበሩ።

የትንተና ውጤቶች ወደ ቋንቋዎች ንድፍም ገብተዋል። ረስት የተባለው ቋንቋ እያንዳንዱ የሜሞሪ ክፍል ባለቤቱ ማን እንደሆነ በታይፕ ሥርዓቱ ይከታተላል፤ ደንቡን የሚጥስ ፕሮግራም ኮምፓይል አይደረግም። በዚህ መልኩ ትንተናው ከፕሮግራሙ በኋላ የሚመጣ ፍተሻ መሆኑ ቀርቶ የቋንቋው አካል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበው ረስትቤልት የተባለ ጥናት ለቋንቋው ዋና ክፍል ሥነ ፍቺ ጽፎ የዚህን ሥርዓት ትክክለኛነት በኮክ አረጋግጧል። ረስትም ቢሆን የራይስ ቴረም ይገዛዋል፤ ትክክል ሆኖ ሳለ ኮምፓይለሩ የማይቀበለው ፕሮግራም አለ። ፕሮግራመሩ እንዲህ ባለ ጊዜ «አንሴፍ» የሚል ምልክት ባለው ክፍል ውስጥ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል።